ሲያትል ማሪነርስ፦ በወጣት ፒቸሮች የተገነባው ቡድን ለትኬት ከፋዩ የሰጠውና የነፈገው

በሲያትል ቲ-ሞባይል ፓርክ ገብቶ የማሪነርስን የቤዝቦል ጨዋታ ለማየት የሚወጣው ገንዘብ ዛሬ የሚያስቆጭ አይደለም፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ስታዲየሙ ወይም ምግቡ ሳይሆን ከመጀመሪያው ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ) ጀምሮ ኳሱን የሚወረውሩት ወጣቶች ናቸው። ይህን ግምገማ የምጽፈው ቡድኑን እንደ አንድ የሚሸጥ አገልግሎት ቆጥሬ ነው። የክለቡ አመራር በ2018 መጨረሻ ነባሩን ቡድን በትኖ በወጣቶች እንደገና እንደሚገነባ ሲያስታውቅ፣ ለደጋፊው በተዘዋዋሪ ያስተላለፈው መልእክት ለጥቂት ዓመታት ደካማ ቡድን እያያችሁም ቢሆን ትኬት መግዛታችሁን አታቋርጡ፣ በኋላ ትካሳላችሁ የሚል ነበር። ያን ጊዜ የከፈለ ሰው ዛሬ ካሳውን መጠየቅ መብቱ ነው።

ነገሩ የተጀመረበትን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ማሪነርስ በ2001 ከ162 ጨዋታዎች 116ቱን አሸንፎ ከቤዝቦሉ ሁለት ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ በኒው ዮርክ ያንኪስ ከተረታ በኋላ እስከ 2022 ድረስ ፕሌይኦፍ የሚባለውን የጥሎ ማለፍ ውድድር ደጃፍ አልረገጠም፤ ይህም በሰሜን አሜሪካ አራቱ ታላላቅ የስፖርት ሊጎች ውስጥ በወቅቱ ረጅሙ ድርቅ ነበር። በ2018 ቡድኑ 89 ጨዋታ አሸንፎ እንኳ አልበቃውም። የቡድን ግንባታው ኃላፊ ጄሪ ዲፖቶ ያን ጊዜ ያየው ተጫዋቾቹ እያረጁ፣ ደመወዛቸው እየከበደ፣ ከሥር የሚተካቸው ወጣት ግን የሌለበት ክለብ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጄምስ ፓክስተንን ለያንኪስ፣ ሮቢንሰን ካኖንና ኤድዊን ዲያዝን ለኒው ዮርክ ሜትስ አሳልፎ ሰጠና በምትካቸው ገና ያልተፈተኑ ልጆችን ተቀበለ። በ2019 ማሪነርስ 68 ጨዋታ አሸንፎ በ94ቱ ተሸነፈ።

ቤዝቦልን በቅርብ ለማይከታተል አንባቢ፣ የግንባታው ስሌት ለምን በፒቸር ላይ እንደተመሠረተ ማስረዳት ተገቢ ነው። ፒቸር በሜዳው መሐል ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ ለተቃራኒው መቺ ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች ሲሆን፣ የአንድ ቀን ጨዋታ ዕጣ ከማንም በላይ በእርሱ እጅ ላይ ነው። ክንድ በየቀኑ መወርወር ስለማይችል አንድ ቡድን በየተራ ጨዋታ የሚጀምሩ አምስት ፒቸሮች ያስፈልጉታል። ውሉን ጨርሶ ለገበያ የቀረበ፣ ማለትም ፍሪ ኤጀንት የሆነ አንድ ምርጥ ፒቸር ለማስፈረም ግን ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠየቃል፤ አምስቱንም በዚህ መንገድ ለመግዛት አቅም ያለው ክለብ ከስንት አንድ ነው። በአንጻሩ ክለቡ በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ መርጦ ያሳደገው ወጣት በዋናው ሊግ ስድስት የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በራሱ ፈቃድ ወደ ሌላ ክለብ ሊሄድ አይችልም፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማም የሚከፈለው ከሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ ብዙም አይርቅም። ያ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 760 ሺህ ዶላር ነበር። እንግዲህ በወጣቶቹ ክንድ የተቆጠበው ገንዘብ ወደ ገበያው ወጥቶ መቺዎችን መግዛት አለበት፤ ካልሆነ ደጋፊው የከፈለው ለቁጠባው እንጂ ለቡድኑ አይደለም።

በማሳደጉ በኩል የተሠራው ሥራ፣ ማጋነን ሳይሆን፣ ድንቅ ነው። ክለቡ ሎጋን ጊልበርትን በ2018 በ14ኛ ተራ፣ ጆርጅ ከርቢን በ2019 በ20ኛ ተራ መረጠ፤ ጊልበርት ከስቴትሰን፣ ከርቢ ከኢሎን፣ ሁለቱም በቤዝቦል ስማቸው እምብዛም ካልገነነ ዩኒቨርሲቲዎች ነው የመጡት። በ2021 ደግሞ ብራይስ ሚለርን በአራተኛው ዙር፣ ብራያን ዉን በስድስተኛው ዙር አገኘ። በስድስተኛ ዙር ከሚመረጡት ብዙዎቹ ዋናውን ሊግ ሳያዩ ይቀራሉ። ዉ በኮሌጅ ያስመዘገበው ውጤት ደካማ ከመሆኑ በላይ በተመረጠበት ዓመት የክርን ጅማቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። መልማዮቹ ግን የውጤት መዝገቡን ወደ ጎን ትተው ኳሷ ከእጁ የምትወጣበትን ሁኔታ አመኑ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጁን 2023፣ ልጁ በዋናው ቡድን ጉብታ ላይ ቆመ፤ በ2025 ደግሞ 15 ጨዋታ አሸንፎ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። ወጣት መምረጥ ሁሉም ክለብ የሚያደርገው ነገር ነው፤ በሁለት የድራፍት ዙሮች መካከል እንዲህ ያሉ ሁለት ፒቸሮችን ከአንድ ዓመት ምርጫ ማውጣት ግን በቀላሉ የሚደገም አይደለም።

ይህ ማለት ተስፋ የተጣለበት ሁሉ ፍሬ አፈራ ማለት አይደለም። ከፓክስተን ልውውጥ ዋናው ሽልማት ተብሎ የመጣው ጀስተስ ሼፊልድ አልዘለቀም። ከካኖና ከዲያዝ ልውውጥ የተገኘው፣ የግንባታው ፊት እንደሚሆን የተነገረለት ጃረድ ኬለኒክም በመጨረሻ ለአትላንታ ተሰጠ። በ2020 በስድስተኛ ተራ የተመረጠው ኤመርሰን ሃንኮክ፣ ከአራቱም ፒቸሮች በቀደመ ተራ ቢመረጥም፣ እስከ 2025 ድረስ የአንዳቸውንም ያህል አልሆነም። እኔ ከዚህ የምረዳው በሌሎች ክለቦች እጅ ካደጉ ልጆች ይልቅ ማሪነርስ ራሱ መርጦ ራሱ ያሠለጠናቸው የተሻለ መውጣታቸውን ነው፤ ጥንካሬው ያለው በልውውጥ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን በማሠልጠኛው ውስጥ ነው።

ትኬት የሚገዛ ሰው ይህን ጥንካሬ በዓይኑ ለማየት ከፈለገ ጨዋታው ከመጀመሩ አርባ ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይግባ፤ ከመሐል ሜዳው አጥር ጀርባ ዘ ፔን ወደሚባለው ስፍራ ይሂድ። ፒቸሮች የሚሟሟቁበት ቦታ እዚያው አጠገብ በመሆኑ ከጥቂት ሜትር ርቀት መመልከት ይቻላል። ኳሷ ከካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሷን ከሚቀበለው ተጫዋች) ጓንት ስትገባ የምታሰማው ድምፅ እንደ ቡሄ ጅራፍ ነው፤ በቴሌቪዥን ይህ ድምፅ ፈጽሞ አይሰማም። ከርቢ ሲወረውር የማየው ካቸሩን ነው። ጓንቱን ከመቺው ጉልበት ከፍታ በውጭ በኩል አድርጎ ይይዘዋል፤ ኳሷም ጓንቱን ሳታንቀሳቅስ ትገባለች፤ ቀጥሎ በውስጥ በኩል ይይዘዋል፤ አሁንም እጁ ንቅንቅ አይልም። አንድ ፒቸር አራት የተበላሹ ኳሶች ከወረወረ መቺው በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ነጥብ ለማስቆጠር መርገጥ ካለበት የመጀመሪያው ማረፊያ፣ ይሄዳል፤ ይህ በማንኛውም ጨዋታ ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ከርቢ ግን በ2023 ከ190 ኢኒንግ በላይ ወርውሮ በነፃ ያሳለፋቸው መቺዎች 19 ብቻ ነበሩ።

ጊልበርት ሌላ ዓይነት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሲወረውር እግሩ ወደ ፊት እጅግ ርቆ ስለሚያርፍ ኳሷን የሚለቃት ከጉብታው ሁለት ሜትር አልፎ ነው። ከጉብታው እስከ መቺው ቤዝ ያለው ርቀት በሕጉ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለጊልበርት መቺ ግን ከዚያ ላይ ተቀንሶ ይቀርብለታል፤ ለማሰብ የሚያገኘው ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል። በ2024 ከሊጉ ፒቸሮች ሁሉ የበለጠ፣ ከ208 ኢኒንግ በላይ፣ የወረወረው እርሱ ነበር። የከርቢን ጥራትና የጊልበርትን ጉልበት በተከታታይ ሁለት ምሽቶች ማየት ለቤዝቦል አዲስ የሆነን ሰው ስለ ስፖርቱ ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ያስተምረዋል ብዬ አምናለሁ።

ካሳው የመጀመሪያ ጊዜ በእጅ የገባው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 ነው። ጊልበርት ስምንት ኢኒንግ ወርውሮ ኦክላንድን በአንድ ሩጫ (አንድ ተጫዋች ቤዞቹን ዞሮ ሲመለስ በሚቆጠር ነጥብ) ያዘ፤ በዘጠነኛው ኢኒንግ ተቀይሮ የገባው ካል ራሊ፣ እርሱም በ2018 በሦስተኛ ዙር የተመረጠ ልጅ፣ ኳሷን ከሜዳው አውጥቶ ጨዋታውን 2 ለ 1 ዘጋው፤ የ21 ዓመቱም ድርቅ አበቃ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ከርቢ በቤቱ ሜዳ ከሂዩስተን ጋር ሰባት ኢኒንግ ያለ ሩጫ ወረወረ። ያ ጨዋታ 18 ኢኒንግ ከዘለቀ በኋላ 1 ለ 0 በሆነ ሽንፈት ነው ያለቀው። ለዚህ ነው ግምገማዬ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ሲሻገር ቅሬታ የሚቀላቀልበት፤ በ18 ኢኒንግ አንድ ሩጫ እንኳ ማስቆጠር ያቃተው ቡድን የጎደለው ፒቸር አልነበረም።

ክለቡ ወደ ገበያ ያልወጣበት ጊዜ የለም ማለት አይቻልም። በ2021 የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ፒቸር ሽልማት ያሸነፈውን ሮቢ ሬይን በዚያው ዓመት መጨረሻ በአምስት ዓመት 115 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ሬይ በ2022 12 ጨዋታ አሸንፎ በ12ቱ ተሸነፈ፤ በሂዩስተን በተካሄደው የፕሌይኦፉ ዲቪዥን ዙር የመጀመሪያ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የሂዩስተኑን መቺ ዮርዳን አልቫሬዝን እንዲያስወጣ ተጠርቶ ገባና ጨዋታውን 8 ለ 7 የገለበጠችውን ሆም ራን፣ ማለትም ከአጥሩ በላይ ያለፈች ምት፣ አስመታ። በ2023 አንድ ጨዋታ ብቻ ጀምሮ ክርኑን ተጎዳ፤ በ2024 መጀመሪያ ላይም ለሳን ፍራንሲስኮ ተሰጠ። ጉዳት የማንም ጥፋት አይደለም። የምቃወመው ግን ከዚህ ግዢ የተወሰደውን ትምህርት ነው። አራት ምርጥ ወጣት ፒቸሮች ከሥር እየመጡለት የነበረ ክለብ ትልቁን ገንዘቡን በአምስተኛ ፒቸር ላይ ማዋሉ አንድ ነገር ነው፤ ያ ባለመሳካቱ ለመቺዎች የሚወጣውን እጅ መሰብሰቡ ግን ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተገዙት መቺዎች በአብዛኛው አጭር ውል ያላቸውና ርካሽ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ትልቁን ውል፣ በሁለት ዓመት 24 ሚሊዮን ዶላር፣ ያገኘው ሚች ጋርቨር በ2024 የመምታት አማካዩ 0.172 ሆነ፤ ከመቶ ሙከራ አሥራ ሰባት ገደማ ብቻ ማለት ነው።

ለክለቡ የሚቀርበው መከላከያ የታወቀ ነው። ቲ-ሞባይል ፓርክ ከባሕሩ አጠገብ በመሆኑ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ሌላ ቦታ ሆም ራን የምትሆን ኳስ እዚህ በአጥሩ ሥር ትያዛለች። መቺ ውጤቱ በደመወዙ ላይ ስለሚቆጠር ወደዚህ ለመምጣት ያመነታል። እውነት ነው፤ ስታዲየሙ ለፒቸር እንጂ ለመቺ አያደላም። ነገር ግን መምጣት የማይፈልግን ሰው የሚያመጣው ተጨማሪ ክፍያ ነው፤ ያ ተጨማሪ ክፍያ ደግሞ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት፣ ከወጣቶቹ ደመወዝ የተረፈው ገንዘብ ነው። ማሪነርስ በ2023 88 ጨዋታ፣ በ2024 85 ጨዋታ አሸንፎ በሁለቱም ዓመት ፕሌይኦፍ ያመለጠው በአንድ ጨዋታ ልዩነት ነው። ዲፖቶ በ2023 መጨረሻ ላይ ለጋዜጠኞች በአሥር ዓመት ውስጥ ከጨዋታዎች 54 በመቶውን ማሸነፍ ዓላማ ሊሆን እንደሚችል ሲያስረዳ፣ በስሌቱ የተሳሳተ ነገር አልተናገረም፤ ከ162 ጨዋታ 54 በመቶ ወደ 87 ድል ይጠጋል። ነገር ግን ከርቢና ጊልበርት በጉልበታቸው ላይ ባሉበት ዘመን ለእነዚህ ሁለት ዓመታት ትኬት የገዛ ደጋፊ የተነፈገው አንድ ድል ነበር፤ አንድ ድል ደግሞ አንድ ደህና መቺ ያመጣዋል። በዚህ ላይ አቋሜን ላለዝብ አልችልም።

ፒቸሩን ሉዊስ ካስቲዮን እዚህ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል፤ እርሱ ክለቡ በትክክል የሠራው ግዢ ነውና። በጁላይ 2022 መጨረሻ ኖኤልቪ ማርቴን ጨምሮ አራት ወጣቶችን ለሲንሲናቲ ሰጥቶ አመጣው፤ ሁለት ወር ሳይሞላም በአምስት ዓመት 108 ሚሊዮን ዶላር አጸናው። ወጣቶቹ ፒቸሮች ሲጎዱ በአብዛኛው ተራውን ጠብቆ የቆመው እርሱ ነው።

በ2025 ግን አገልግሎቱ ተሻሻለ፤ ይህን ሳልደብቅ መመስከር አለብኝ። ራሊ በስድስት ዓመት 105 ሚሊዮን ዶላር ተፈራርሞ በዚያው ዓመት 60 ሆም ራን መታ፤ ከእርሱ በፊት ይህን ያደረገ ካቸር አልነበረም። ከገበያ በአንድ ዓመት መጠነኛ ውል የተመለሰው ሆርሄ ፖላንኮ 26 ሆም ራን ጨመረ። በጁላይ ደግሞ ክለቡ ከአሪዞና ጆሽ ኔይለርንና ዩሄኒዮ ስዋሬዝን ሲያመጣ ዋጋውን የከፈለው በአብዛኛው በሌሎች ወጣት ፒቸሮች ነው። ፒቸር የማሳደግ ችሎታ ያለው ክለብ ችሎታውን እንደ ገንዘብ ሊመነዝረው እንደሚችል ከዓመታት በፊት መታወቅ ነበረበት። ጊልበርት፣ ከርቢ፣ ሚለርና ዉ በየተራ በተጎዱበት በዚያ ዓመት ቡድኑ 90 ጨዋታ አሸንፎ ከ2001 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምድቡ አሸናፊ ሆነ።

ኦክቶበር 10 ቀን 2025 በፕሌይኦፉ ዲቪዥን ዙር ከዲትሮይት ጋር የተደረገውን አምስተኛ ጨዋታ ያየ ሰው የግንባታውን ሙሉ ትርጉም አይቷል። ለዲትሮይት የጀመረው ታሪክ ስኩበል፣ ራሱ በሲያትል ዩኒቨርሲቲ የተማረው፣ በስድስት ኢኒንግ 13 መቺዎችን ኳሷን ወደ ሜዳ ሳያስመታ አወጣ። ለማሪነርስ ከርቢ ጀመረ። ጨዋታው ከዘጠኝ ኢኒንግ አልፎ ሲሄድ፣ በተለመደው ቀን ጨዋታ ብቻ የሚጀምረው ጊልበርት ከማሟሟቂያው ወጥቶ ሁለት ኢኒንግ ያዘ፤ በመጨረሻም ካስቲዮ ራሱ ገባ። ስታዲየሙ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በ15ኛው ኢኒንግ ጄ ፒ ክሮፎርድ ቤዝ ላይ ወጣ፤ ፖላንኮ ወደ ቀኝ ሜዳ መታ፤ ክሮፎርድ ሮጦ ገባ፤ 3 ለ 2። ያደጉት፣ በልውውጥ የመጡትና ከገበያ የተገዙት አንድ ሌሊት ላይ ሁሉም የየድርሻቸውን ሲያደርጉ ማየት ከ2018 ጀምሮ ለከፈለ ደጋፊ የተገባው ካሳ ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ ቶሮንቶ ላይ በአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ 4 ለ 3 ተሸንፈው ወርልድ ሲሪስ ከሚባለው የዋንጫ ፍጻሜ ሳይደርሱ ቀሩ፤ ማሪነርስ እስከ 2025 ድረስ ወርልድ ሲሪስ ያልደረሰ ብቸኛው የሊጉ ክለብ ነው።

ስለ ስታዲየሙ ራሱ ብዙ አልልም። በሬይኒየር ሸለቆ ለሚኖረው የአገራችን ሰው ከኦቴሎ ወይም ከኮሎምቢያ ሲቲ በቀላል ባቡሩ ተሳፍሮ ስታዲየም በሚባለው ጣቢያ መውረድ መኪና ከማቆም ጣጣ ያድናል። በውስጥ የሚሸጠው ምግብና መጠጥ በጠቅላላው ውድ ነው፤ ሆኖም ከቤት የተቋጠረ ምግብ ይዞ መግባት ስለሚፈቀድ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው በዚህ ይጠቀምበት። ጣሪያው ተንሸራታች ሲሆን ዝናብ ይከለክላል እንጂ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ብርድ አያግድም፤ በኤፕሪል ምሽት ጋቢ መያዝ አይበዛም። ከቤዙ ጀርባ ከፍ ብሎ ባለው የላይኛው እርከን የሚገኘው ወንበር ርካሽ ሆኖ ሳለ የኳሷን አቅጣጫ ለማየት ከታችኞቹ ውድ የጎን መቀመጫዎች ይሻላል።

ትኬቱን ከወር በፊት መግዛት ግን አልመክርም። የሚጀምሩት ፒቸሮች ስም የሚታወቀው ከጨዋታው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ በዚህ ቡድን ደግሞ የምሽቱን ዋጋ የሚወስነው ጉብታው ላይ የሚቆመው ሰው ነው። ከርቢ፣ ጊልበርት ወይም ዉ የሚጀምሩበትን ቀን ጠብቆ መግዛት ይሻላል።

ክለቡ በኖቬምበር 2025 ኔይለርን በአምስት ዓመት 92.5 ሚሊዮን ዶላር ማስፈረሙን እንደ ጥሩ ምልክት እወስደዋለሁ፤ ፖላንኮ በአንጻሩ ወደ ሜትስ ሄዷል። ጊልበርት ከ2027፣ ከርቢ ከ2028 ውድድር በኋላ በነፃ ገበያው ላይ ይወጣሉ። የዓመት ትኬቱን ለማደስ የሚያስብ ሰው ክለቡን ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬ ከገበያው ባነሰ ደመወዝ ያገለገሉትን እነዚህን ሁለት ልጆች የገበያ ዋጋቸውን ከፍሎ ያስቀራቸዋል ወይስ አያስቀራቸውም?